«ረባሽ» ተብሎ ስሙ ከመጻፉ በፊት፦ አማካሪ በሌለው ትምህርት ቤት ለክፍል ኃላፊ መምህራን

በሰሜን ሸዋ ገጠርና ትንንሽ ከተሞች ባሉ ትምህርት ቤቶች የተማሪ አማካሪ ማግኘት ብርቅ ነው። ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከአንኮበር እስከ መርሐቤቴ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ሲደባደብ ወይም ድምፁን አጥፍቶ ጥግ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያየው የክፍል ኃላፊው መምህር ነው፤ ያውም 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ። የሚከተለው ለዚያ መምህርና ለዚያች መምህርት ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የሚያስፈልገው ጊዜ በቀን 10 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው ልማድ ነው፤ ቅጣት ከማሰብ በፊት፣ ልጁ ያደረገው ነገር ምን እያስገኘለት እንደሆነ የመጠየቅ ልማድ።

መጀመሪያ የሰሌዳው ዝርዝር ይጥፋ

መምህር ሲዘገይ የክፍል አለቃው ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ስም መደርደር ይጀምራል። ያው ልጅ ዳግም ካወራ ከስሙ ጎን ጭረት ይጨመርበታል። መምህሩ ገብቶ ዝርዝሩን ያነብባል፤ የተጠሩት ይንበረከካሉ፣ ጆሯቸውን ይይዛሉ ወይም ይገረፋሉ። ብዙ መምህር ራሱ ተምሮ የወጣው በዚህ ሥርዓት ስለሆነ ጉዳቱ አይታየውም። አለቃው ግን ዳኛ ሆኖ ያርፋል፤ የተጣላውን ይጽፋል፣ ቆሎ ያካፈለውን ይሰርዛል። ስሙ በየቀኑ የሚጻፍ ልጅ ደግሞ ውሎ አድሮ ስሙን ሰሌዳው ላይ ሲያጣ ቅር የሚለው ይሆናል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቦታ ያ ብቻ ነዋ። ከሁሉም የሚከፋው፣ ዝርዝሩ ማን እንደረበሸ እንጂ ለምን እንደረበሸ አንዲት ቃል አይነግረንም።

ግርፋቱ በሕግም የተከለከለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ዱላ የሚያስተምረው መምህር ሲመጣ መጠንቀቅን ብቻ ነው።

አለቃው ሥራ አይፈታም፤ ሥራው ይለወጣል። መምህሩ እስኪገባ የሚሠራ አጭር ሥራ፣ ለምሳሌ ከትናንቱ ትምህርት 3 ጥያቄ፣ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። አለቃው የሚመዘግበው ማን እንደጨረሰና ማን እስክሪብቶ ወይም ደብተር እንደሌለው ይሁን። አለቃነቱ በየ2 ሳምንቱ ይዙር፤ «ረባሽ» ሲባል ለኖረው ልጅም ይድረሰው። ተራው ሲደርስ ግን የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት አጠገቡ ሆነው ያሳዩት፤ አለዚያ የቀድሞ አለቆች ሲያደርጉ ያየውን ነው የሚደግመው።

የክፍል ደንብ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ይበቃል። «አትረብሹ» ደንብ አይደለም፤ ልጁ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «ሌላው ሲናገር እናዳምጣለን» ደንብ ነው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት እንደማንኛውም ትምህርት ያለማምዱት፤ ከወሰነ ትምህርቱ ዕረፍት መልስ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥተው ይድገሙት።

ደብተሩ እንዴት ይሞላል?

በአንድ ጊዜ ከ2 ልጅ በላይ አይከታተሉ። ሁሉንም ልያዝ ያለ መምህር በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ይተወዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይክፈቱና 3 ዓምድ ያስምሩ፤ «ቀድሞ የሆነው»፣ «ልጁ ያደረገው»፣ «ወዲያው የተከተለው»። ከዳር ቀንና ክፍለ ጊዜ ይጻፍ። መካከለኛው ዓምድ ውስጥ የሚገባው ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው ብቻ ነው፤ «ባለጌ ሆነ» አይጻፍም፣ «ዴስኩን በእግሩ 4 ጊዜ መታ» ይጻፋል። ቢያንስ ለ5 የትምህርት ቀናት ይመዝግቡ። ልጁ በሰላም የዋለበትን ክፍለ ጊዜም አይዝለሉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

የአንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ገጽ ይህን ይመስላል እንበል።

ሰኞ፣ 3ኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሒሳብ። ቀድሞ፦ «አንድ ሰው ወጥቶ ይሥራ» ተባለ። ልጁ፦ የፊተኛውን ልጅ ጀርባ በእስክሪብቶ ወጋ። ተከትሎ፦ «ውጣ!» ተባለ፣ በረንዳ ላይ ቆየ።

ማክሰኞ፣ 1ኛ ክፍለ ጊዜ፣ አማርኛ። ተረት በቃል ሲነገር እጁን አወጣ፣ አንድ ተረት ነገረ።

ማክሰኞ፣ 4ኛ ክፍለ ጊዜ፣ እንግሊዝኛ። ቀድሞ፦ ተራ በተራ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፤ እሱ ዘንድ ሊደርስ 2 ሰው ሲቀር። ልጁ፦ ዴስኩን መታ፣ ጓደኛውን ሰደበ። ተከትሎ፦ ተባረረ።

ረቡዕ፣ ስፖርት። ቡድን መርቶ ተጫወተ።

ሐሙስ፣ ሒሳብ። የቡድን ሥራ ነበር፤ ምንም አልተፈጠረም።

ይህን ገጽ ያየ መምህር ልጁ ሒሳብ ጠልቶ ወይም ባለጌ ሆኖ እንዳልሆነ ይገባዋል። ሰው ፊት ቆሞ ሲታይ የሚጋለጥ ነገር አለው፤ ምናልባትም አጣርቶ ማንበብ አይችልም። ጥፋቱ ከዚያ ኀፍረት ያወጣዋል። «ውጣ!» የሚለው ቃል ለእኛ ቅጣት ነው፤ ለእሱ ግን የተመኘው በር ነው።

ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ሌላ ሰው ሳይኖር የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ያስነብቡት። ከተደናቀፈ ዋናው ሥራ የንባብ ሥራ ነው፤ በቀን 10 ደቂቃ፣ ከፊደል ጀምሮም ቢሆን። ክፍል ውስጥ በድንገት አይጥሩት፤ ከአንድ ቀን በፊት «ነገ 2ኛውን ጥያቄ አንተ ነህ የምትሠራው፤ ና አሁን አብረን እንሞክረው» ይበሉት። እንዲሁም የሚያመልጥበት የተፈቀደ መንገድ ይስጡት፤ እጁን ደረቱ ላይ ካሳረፈ ተራው በዝምታ ይታለፋል፣ በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ። ይህ የማባበያ መንገድ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ዴስክ መደብደብን የሚተካ ነገር ሳንሰጠው ዴስክ አትደብድብ ማለት ባዶ ትእዛዝ ነው።

የልጆች ጠባይ ባብዛኛው ከአራት ነገሮች አንዱን ያስገኛል፦ የሰው ዓይንና ጆሮ፣ ከከበደ ነገር ማምለጫ፣ የተፈለገ ዕቃ ወይም ቦታ፣ ወይም አካል የሚሻውን እንቅስቃሴና ዕረፍት። ሁለት ልጆች እኩል ሊጮኹ ይችላሉ፤ አንዱ እንዲታይ፣ ሌላው እንዲባረር። ለመታየት የሚጮኸውን ማባረር ሊሠራ ይችላል፤ ለመባረር የሚጮኸውን ማባረር ግን ነገም ደግሞ ያስጮኸዋል።

እንዲታይ የሚረብሽ ልጅ ሳይረብሽ ይታይ። ክፍል በር ላይ በስሙ ሰላም ይበሉት፤ ዳስተር ማምጣት፣ ደብተር መሰብሰብ የመሰለ ሥራ ይስጡት። ትንሿን ጩኸት ይለፏትና ጸጥ ባለ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ እሱ ይዙሩ። ሙገሳውም የሆነውን ይናገር፤ «ጎበዝ» ብቻ አየር ላይ ይቀራል፣ «ጓደኛህ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቅኸው፤ አይቻለሁ» ግን ልጁ ነገ ምን እንደሚደግም ይነግረዋል። ዓይን አፋር ልጅ ከሆነ በጆሮው ይሁን።

ግንኙነታችሁ ጭራሽ ከተበላሸ ልጅ ጋር፣ ለ10 ተከታታይ የትምህርት ቀናት በቀን 2 ደቂቃ ከትምህርትና ከጠባይ ውጪ ስላለ ነገር ያውሩ፦ ስለ ጥጃው፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ታናሽ እኅቱ። ምክር አይግባበት። ምክር የገባበት ቀን አይቆጠርም።

መምህራን እዚህ ላይ የሚሰናከሉት ተስፋ በመቁረጥ ነው። የለመደው በር የተዘጋበት ልጅ በሩን አጥብቆ ያንኳኳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጠባዩ ሊብስ ይችላል። በአራተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ የተወው መምህር ልጁን ያስተማረው አጥብቆ ማንኳኳት እንደሚከፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ 2 ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ከሁለተኛው ጋር ያስተያዩ። በቀን 6 ጊዜ የነበረው 3 ከሆነ እየሠራ ነው።

ጠባይ የሚመስል ብርድ፣ ርሃብና ርቀት

በኅዳርና ታኅሣሥ በደብረ ብርሃንና በመንዝ ጠዋት ውርጭ ይጥላል። 2 ሰዓት ላይ ክፍል የገባ ልጅ ጣቶቹ ስለደነዘዙ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተዋል። «ጻፍ» ሲባል ዝም ካለ እምቢተኝነት ላይሆን ይችላል። በእነዚያ ወራት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ቆመው በሚያደርጉት የ5 ደቂቃ የቃል ጥያቄ ይጀምሩ፣ መዳፍ ለመዳፍ ያፋትጉ፣ ግልበጣው ኋላ ይምጣ። ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የከሰዓቱ ፈረቃ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲነድድ ልጆች ይነጫነጫሉ፣ ይገፋፋሉ። ውሃ እንዲጠጡ ጊዜ ይስጡ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከባዱ ትምህርት ወደ ጥላና ወደ ቀዝቃዛው ሰዓት ይዛወር።

አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ መጥቶ የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ስላለፈ በር የተዘጋበት ልጅ በወር 3 ጊዜ ከተመለሰ ትምህርቱን ሊተው ጫፍ ላይ ነው። ይግባ፣ ይመዝገብ፣ ምክንያቱ በዕረፍት ሰዓት ይጠየቅ።

ስለ ርሃብ ሲጠይቁ «በልተሃል?» አይበሉ፤ ኩሩ ልጅ «አዎ» ይላል። «ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ራሱ ያወጣዋል። በጾም ወቅት ከፍ ያሉት ልጆች ሳይበሉ ይመጣሉ፤ በዚህ ላይ ከልጁ ጋር ክርክር አይግጠሙ። ፈተናንና የሩጫ ስፖርትን ወደ ማለዳ ማምጣት ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ዓይን የሚሹት የኪራይ ቤት ልጆች ናቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጡት፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው አንዲት ክፍል የሚከራዩት፣ በሶና ድርቆሽ ስንቅ ይዘው የሚመጡት። ስንቁ ሐሙስ አካባቢ ያልቃል። ማታ የሚቆጣም የሚያጽናናም ትልቅ ሰው አጠገባቸው የለም። መስከረም ላይ ለእነዚህ ልጆች አንድ ገጽ ይያዝ፦ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ የአከራይ ስልክ፣ አገር ቤት የሚሄዱበት ቀን፣ ቢታመሙ የሚጠራ ዘመድ።

የ9ኛ ክፍል ልጅ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ዴስክ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል እንበል። ክፍል ውስጥ አይጠየቅም። ሰው በሚያይበት፣ ግን በማይሰማበት ቦታ፣ ለምሳሌ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ጎን ለጎን ይቁሙ። ያዩትን ብቻ ይንገሯት፦ «ሦስት ሰኞ እንቅልፍ ሲወስድሽ አይቻለሁ። ልቆጣሽ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ እንዴት ነው የሚያልፈው?» ከዚያ ዝም ይበሉ፤ በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። «ምንም አይደል ቲቸር» ትላለች። አይጫኗት። «እሺ፤ ሐሙስ ደግሞ እጠይቅሻለሁ» ብለው ይለያዩ፤ ሐሙስም ይጠይቋት። ልጆች የሚናገሩት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ለወግ እንዳልነበር የሚያውቁት ያኔ ስለሆነ። አንገቷን ደፍታ ብታዳምጥ «ዓይኔን እያየሽ መልሺ» አይበሏት፤ ቤቷ የተማረችው አክብሮት ያ ነው።

«ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ጥቃት ወይም ዛቻ ከነገረችዎ ቃልዎን ማጠፍ ሊኖርብዎ ነው። አስቀድመው ይህን ይበሉ፦ «የምትነግሪኝን ወሬ አላደርገውም። የሚጎዳሽ ነገር ከሆነ ግን የሚረዳን አንድ ሰው ማወቅ አለበት፤ ለማን እንደምነግርም ቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።»

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ወቅት ነው። በታኅሣሥ መቅረት የጀመረች፣ ከጓደኞቿ የራቀች፣ ስለ ቀጣዩ ዓመት ስትጠየቅ መልስ ያጣች ልጅ ካለች ጥር ሳይገባ ይጠየቅ። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች በሕግ የተከለከለ ነው። ልጅቷን ከአባቷ ጋር አቁሞ ማፋጠጥ ግን አይገባም፤ ማታ ቤት ገብታ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። በርዕሰ መምህሩና በአንዲት ሴት መምህርት በኩል ለወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይድረስ።

ሴት መምህርት እጅ አንድ የተቆለፈ ሳጥን ይኑር፦ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ አንድ ትርፍ ቀሚስ። ቁልፉ ወንድ መምህር ወይም ጸሐፊ ጋር ከሆነ ሳጥኑ የለም ማለት ነው።

ልጅ ሲግል

የተናደደ ልጅ ያን ሰዓት ምክር አይሰማም። ስለዚህ ቃል ይቀነስ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል፣ በመካከላችሁ ሁለት እርምጃ ያህል ይቅር። ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይቁሙ። እጁን ወይም ኮሌታውን አይያዙ። ተመልካቹን ያስወግዱ፤ «ሌሎቻችሁ ገጽ 34 ክፈቱ» ማለት ብቻ እሳቱን ግማሽ ያበርደዋል፤ ሰው ፊት ተዋርዶ መሸነፍ ለልጅም ከባድ ነው። ከዚያ ሁለቱም መልካም የሆኑ ሁለት ምርጫዎች ይስጡት፦ «እዚህ ቁጭ ትላለህ ወይስ ውጪ ውሃ ጠጥተህ ትመለሳለህ?» መልስ ሳይጠብቁ ራቅ ይበሉ። «ትቀመጣለህ ወይስ ላባርርህ?» ምርጫ አይደለም፣ ዛቻ ነው።

ስለ ጥፋቱ የሚነገረው ከበረደ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ለመብረድ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዚያው ቀን ሳይታለፍ ግን ይነገር።

ጠብና ንቀት አንድ አይደሉም

እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ልጆች ከተጣሉ ሽምግልናችን መንገዱን ያውቃል። የሚበላሸው ሲቸኩል ነው፤ «በሉ ተሳሳሙ፣ ይቅር ተባባሉ» ተብለው በደቂቃ የታረቁ ልጆች ከበር ውጪ ይጨርሱታል። ሽማግሌ እንደሚያደርገው እያንዳንዱ ሳይቋረጥ ይናገር፤ ሌላው የሰማውን መልሶ ይድገም፤ ከዚያ «ምን ተጎዳ? በምን ይካሣል?» ይባል። የተቀደደ ደብተር ካለ ይገለበጥለታል፤ በሰው ፊት የተሰደበ በሰው ፊት ይመለስለታል። ካሣው በ3 ቀን ውስጥ መፈጸሙን ይዩ።

አንዱ ሌላውን ደጋግሞ የሚያጠቃ ከሆነ ግን ሽምግልና አይያዝም። አጥቂና ተጠቂን እኩል አስቀምጦ «አንተም ይቅር በል» ማለት ተጠቂውን ሁለተኛ መምታት ነው። ለየብቻ ይነጋገሩ፤ ተጠቂው የት የት እንደሚያገኙት ይጠይቁት፦ ሽንት ቤት፣ የውሃ ቧንቧ፣ ወደ ቤት የሚያስኬደው ጥርጊያ። እነዚያን ቦታዎች የተረኛ መምህር ዓይን ይሸፍናቸው።

በዞናችን ስሙ የማይጠራ አንድ ንቀት አለ። የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭ፣ የሸማኔ ልጅ «ቡዳ» እየተባለ ምሳ የሚካፈለው፣ ዴስክ የሚጋራው ያጣል። ልጁ ከዕለታት በአንዱ ቀን ሲደባደብ ያን ቀን ብቻ እናያለን፤ ለወራት የዋጠውን አናይም። ልጁን እያሳዩ ስለ እኩልነት መስበክ ቁስሉን ለሁሉም መግለጥ ነው። ይልቅ የክፍሉ አቀማመጥ በየ2 ሳምንቱ ለሁሉም ይዙር፤ የቡድን ሥራ ሲኖር ሌሎቹ የሚፈልጉት ነገር ከእሱ እጅ ይሁን፣ ለምሳሌ ቡድኑ ያለ እሱ ድርሻ የማይጨርሰው ሥራ። ቃሉ ሲነገር ከሰሙ ደግሞ በዚያው ቅጽበት፣ ባጭሩ፦ «በዚህ ክፍል ይህ ቃል አይነገርም።» ከተናገረው ልጅ ጋር ረዘም ያለው ንግግር ለብቻ ይቆይ።

ከተኩስ የመጡ ልጆች

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሷል፤ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን በመጠለያ ተቀምጠዋል፤ ከ2015 ወዲህም በክልሉ ግጭት አለ። ስለዚህ ክፍልዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ የለም ብለው አይነሡ። ምልክቱ ሁልጊዜ ለቅሶ አይደለም፤ ዴስክ ሲወድቅ መደንገጥና መቆጣት፣ በር በሩን ማየት፣ የቀድሞውን ትምህርት መርሳት፣ ትንሽ ልጅ ላይ ደግሞ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና መጀመር ነው።

ጀርባው ለግድግዳ፣ ዓይኑ ለበር በሚሆንበት ቦታ ያስቀምጡት። ደወል ወይም ከፍ ያለ ድምፅ ሊመጣ ሲል አስቀድመው ይንገሩ። የቀኑን ትምህርት ቅደም ተከተል ጠዋት ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለፈራ ልጅ ዕረፍት ነው። ድንገት ቢደነግጥ እግሮቹን መሬት ላይ እንዲጭን፣ በ4 ቁጥር አየር አስገብቶ በ6 እንዲያስወጣ፣ 5 ጊዜ አብረውት ይተንፍሱ። ይህ በሰላሙ ቀን ከመላው ክፍል ጋር ካልተለማመደ በጭንቅ ሰዓት አይሠራም።

«ያየኸውን ለክፍሉ ንገር» ወይም «በሕይወቴ የደረሰብኝ» የሚል ድርሰት አያዝዙ። መናገር ከፈለገ መርጦ፣ ለመረጠው ሰው ይናገር። መሸኛ ወይም ካርድ የሌለውን ልጅም ከበር አይመልሱ፤ አጭር ፈተና ተፈትኖ ክፍሉ ይታወቅ፣ ወረቀቱ ኋላ ይፈለግ።

«ወላጅ አምጣ»

ይህ ትእዛዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ ብዙ የተባለና ትንሽ የሠራ ነው። ቤቱ ሩቅ የሆነ ልጅ ወላጅ እስኪያመጣ 3 ቀን ከትምህርት ይቀራል። ዱላ የፈራው ከመንገድ ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያመጣል። የመጣው አባት ደግሞ ስሙ በመምህራን ፊት ስለተነሣበት እዚያው ልጁን ይመታል፤ መምህሩ ያሰበው ንግግር ሳይጀመር ያበቃል።

ስለዚህ ወላጅ የመጀመሪያውን ጥሪ ለመልካም ወሬ ይስማ። በመስከረምና በጥቅምት ለእያንዳንዱ የሚያሳስብ ልጅ ቤት አንድ የደስታ ስልክ ይደወል፤ 2 ደቂቃ ይበቃል፦ «እትዬ፣ ልጅዎ ዛሬ ጓደኛውን ሒሳብ ሲያስረዳ አይቼ ነው የደወልኩት።» ስልክ የሌላቸውን በገበያ ቀን ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማግኘት ይቻላል። ከዚያ ችግር ሲኖር የሚጠራው ወላጅ ክስ ሊሰማ የሚመጣ አይሆንም።

ሲመጡ አስቀምጠው ያነጋግሩ፤ ወላጅ ቆሞ መምህር ተቀምጦ ውይይት የለም። መጀመሪያ ይጠይቁ፦ «ቤት ውስጥ ሲናደድ ምን ያበርደዋል?» ደብተሩን አውጥተው የተጻፈውን ያንብቡላቸው እንጂ «ልጅዎ አስቸገረን» አይበሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ይስማሙ፤ ለምሳሌ አርብ አርብ ልጁ ይዞት የሚሄድ፣ መምህሩ መልካሙን አንድ መስመር የጻፈበት ወረቀት። ከመለያየታችሁ በፊት «ዛሬ ቤት ሲገባ እንዳይመታ አደራ» ማለት አይርሱ። አደራ የሚለው ቃል እዚህ አገር ክብደት አለው።

ከመምህር አቅም በላይ ሲሆን

ሐዘን፣ ፍርሃት ወይም ዝምታ ከ2 ሳምንት በላይ ሲቆይና ልጁ መብላት፣ መተኛት፣ መማር ሲያቅተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ቤተሰቡ ጠበል ሊወስደው ቢል ከጠበሉ ጋር አይጣሉ። «ጠበሉንም ሕክምናውንም፤ መድኃኒቱ ግን እንዳይቋረጥ» የሚለው ንግግር ይሰማል፤ «ጠበሉን ተዉት» የሚለው አይሰማም።

«ብሞት ይሻለኛል» ያለ ልጅ እንደ ቀልድ አይታለፍም። በቀጥታ ይጠየቅ፦ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልባትም፤ የምትተነፍስበት ቦታ ይሰጣታል። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተው፤ በዚያው ቀን ቤተሰብና ጤና ጣቢያ ይወቅ፤ ቤት ያለው የሰብል ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ተቆልፎ ወይም ከቤት ወጥቶ ይቀመጥ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ቢወድቅ ክብሪት አያሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አያስገቡ። በጎኑ ያስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ሹራብ ያድርጉ፣ ሰዓት ይያዙ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የተደናገጠ ክፍል እንዳይሆን ሌሎቹን ቀድመው ያስወጡ። በማግሥቱ እሱ ሳይመጣ ክፍሉ በሽታው በትንፋሽም በንክኪም እንደማይተላለፍ ይነገረው፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ልጅ ካጣ በሽታው ካደረሰበት ይልቅ የእኛ ዝምታ ይጎዳዋል።

ደብተሩ በሰኔ

ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ ቢሮ ውስጥ አይጣልም፤ የሌላ ሰው እጅ መግባት የማይገባው ነገር አለበት። ለቀጣዩ የክፍል ኃላፊ የሚተላለፈው ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ነው፦ ምን ይከብደዋል፣ ምን ሠራለት፣ ሲናደድ ምን ያበርደዋል፣ የሚያምነው መምህር ማን ነው። የቤተሰብ ምስጢር፣ በአደራ የተነገረ ነገር፣ «ረባሽ» የሚል ቃል አይተላለፍም። የቀሩትን ገጾች ቀድደው ያቃጥሏቸው። ግማሽ ገጿንም ክረምቱ ሳይገባ፣ ከአዲሱ መምህር ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ያስረክቡ።